ከጢስ ወደ ማዕድ ስለሚመለስ መርዝ

በየግቢው ፕላስቲክ ሲቃጠል፥ ጢሱ ከዓይን በተሰወረ ጊዜ ጉዳቱም አብሮ የጠፋ ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።

ክሎሪን ያለበት ፕላስቲክ በግቢ እሳት ሲነድ ዳዮክሲን የሚባል መርዝ ይፈጠራል። ይህም ከጥላሸት ብናኝ ጋር ተጣብቆ በነፋስ ይጓዛል፤ ኋላም በሣርና በአፈር ላይ ይወርዳል። ጠባዩ በውሃ ለመሟሟት እጅግ አዳጋች ሲሆን በስብ ውስጥ ግን ይከማቻል። ስለዚህ ሣሩን ከበላችው ላም ወደ ወተቷ፥ አፈሩን ከምትጭረው ዶሮ ወደ እንቁላሏ፥ ከዚያም ወደ ሰው ያልፋል፤ በሰውነታችንም ለብዙ ዓመታት ይቆያል። ወተትን ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ ይህን መርዝ አያጠፋም።

ፒ.ሲ.ቢ. የተባለው ተመሳሳይ መርዝ ደግሞ በሞቃት ስፍራ ይተናል፥ በቀዝቃዛ ስፍራ ይረጋል፤ እንዲህ እያለ እስከ ምድር ዋልታ ይደርሳል። እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ፥ በሰሜን ካናዳ የባሕር እንስሳትን ስብ በሚመገቡ የኢንዊት እናቶች ጡት ወተት ውስጥ፥ ከደቡቡ ሕዝብ ይልቅ በዝቶ ተገኝቷል። ይሁን እንጂ የጡት ወተት ጥቅም ከዚህ ጉዳት ስለሚበልጥ ማጥባት ከቶ አይቋረጥ።

በ2001 በስቶክሆልም የተፈረመው ውል እነዚህን መርዞች ለማስወገድ የታሰበ ነው፤ አገራችንም የውሉ ተካፋይ ናት። ነገር ግን የግቢያችንን እሳት የሚከለክል እኛው ነን። ስለዚህ መምህራንና የቤት አባወራዎች ፕላስቲኩን ከሌላው ጥራጊ ለይተው ለቆሻሻ ሰብሳቢ እንዲያስረክቡ፥ ከቶም እንዳያቃጥሉ አጥብቀን እናሳስባለን።