ብርዕና ብራና፤ ከደሃና ልጅ እስከ ቁም ጸሐፊ

የአባቶቻችሁን የብራና ዳዊት አንሥታችሁ በምትጸልዩበት ሰዓት፥ ያንን ፊደል አንድ በአንድ የጻፈው እጅ በምን ድካም እንደ ተማረ አስባችሁ ታውቃላችሁን? ዛሬ ስለዚያ እጅ ጥቂት ልንነግራችሁ ወደድን።

ደሃና በዋግ ኽምራ ከሰቆጣ ጋራ የምትዋሰን፥ ከተማዋም አምደ ወርቅ የሆነች ወረዳ ናት። በዚያ ከአገው ወገን የተወለደ ልጅ በምድጃው ዙሪያ ኽምጣና፥ በገበያ አማርኛ፥ በቅዳሴ ግእዝ ይሰማል። ሦስቱም ቋንቋዎች በአንድ ፊደል ይጻፋሉ።

ልጁ ከየኔታ ፊት ተቀምጦ ሀሁን ይቈጥራል፤ አቡጊዳን ይለያል፤ መልእክተ ዮሐንስን ያነባል፤ ኋላም ዳዊት ይደግማል። ልቡ ወደ ጽሕፈት ካዘነበለ ከቁም ጸሐፊ ዘንድ ይጠጋል። በዚያም ከብርዕ አስቀድሞ የሚጠብቀው የቆዳ ሥራ ነው። የፍየሉ ቆዳ በውኃ ይዘፈዘፋል፤ በእንጨት ላይ ይወጠራል፤ ሥጋውና ጠጕሩ ተፍቆ ይለሰልሳል። ሲደርቅ በልክ ይቈረጣል፤ መስመሩም በወስፌ ይሰመራል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸትና ከተቈላ እህል ተወቅጦ ይዘጋጃል፤ ብዙ ጊዜ በቈየ ቍጥር ይበስላል። ቀዩ ቀለም ለቅዱሳን ስምና ለርእስ ይጠበቃል። ብርዑም ከሸምበቆ ይቀረጻል። የተሳሳተ ፊደል በምላጭ ተፍቆ እንደ ገና ይጻፋልና፥ ትዕግሥት የሌለው እጅ በዚህ ሥራ አይጸናም።

ፊደሉ ራሱ ከጸሐፊው ይልቅ ረዥም መንገድ ተጕዟል። ሥሩ ከደቡብ ዐረቢያ ጽሕፈት የተገኘ ሲሆን፥ ቀድሞ ተነባቢዎቹ ብቻ ይጻፉ ነበር። አናባቢውን የሚያመለክቱት ሰባቱ መልኮች በ4ኛው መቶ ዓመት፥ በንጉሥ ኢዛና ዘመን፥ በድንጋይ ጽሑፍ ላይ ይታያሉ። በዐድዋ አጠገብ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌሎችም በሳይንስ መርማሪዎች ሲፈተኑ፥ ብራናቸው ከ4ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ እስከ 7ኛው ባለው ጊዜ ውስጥ የተዘጋጀ መሆኑ ታውቋል። በጐንደር ዘመን ደግሞ ጉልሕ የተባለው ትልቅና ውብ አጻጻፍ ተስፋፋ።

ፊደላችን ለግእዝ ብቻ አልተወሰነም። አማርኛ ሸ፥ ቸ፥ ኘ፥ ዠ፥ ጀና ጨ የሚሉትን ድምፆች ቢሻ፥ ጸሐፊዎች በሰ፥ በተ፥ በነ፥ በዘ፥ በደና በጠ ላይ ምልክት ጨምረው አዲስ ፊደል ወለዱለት። ለአገው ቋንቋዎች ድምፅም ጘ የሚለው ፊደል ተቀርጿል። እንግዲህ የደሃናው ልጅ በእናቱ ቋንቋ ሲጽፍ የቀደሙትን ጸሐፊዎች ሥራ ይቀጥላል እንጂ የባዕድ ፊደል አይበደርም።

ማተሚያውም መጣ። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ በሮማ ከኢትዮጵያውያን መነኮሳት ግእዝን ተምሮ፥ በ1513 በፈረንጆች አቆጣጠር የግእዝ ዳዊትን አሳተመ። በ1957 እ.ኤ.አ. አለ ፈለገ ሰላም በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን አቋቋሙ፤ በዚያም ይግዙ ብሥራት የፊደል አጻጻፍ ጥበብን አስተማሩ። በ1972 እ.ኤ.አ. ከዚሁ ትምህርት ቤት የተመረቀው ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍም ፊደልን የሥዕሉ ዋና አካል አድርጎ በውጭ አገር አሳወቀ። በ1999 እ.ኤ.አ. ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የኮምፒዩተር ሥርዓት ውስጥ ገባ።

ታዲያ ብርዑ ምን ይሆናል? የታተመ መጽሐፍ ርካሽ ነው፤ ጸሐፊው ግን አንድ ዳዊት ለመፈጸም ወራትን ይደክማል። ገዢ ካጣ ተማሪም ያጣል፤ ተማሪ ካጣም ቀለም መቀመም፥ ብራና መፋቅ ከእጅ ወደ እጅ መተላለፉ ይቋረጣል። የተቋረጠውን ደግሞ ማተሚያ አይመልሰውም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፤ በቤታችሁ የብራና መጽሐፍ ቢኖር ከጢስ፥ ከእርጥበትና ከሻማ ጠብታ ጠብቁት፤ በማኅደሩ አኑሩት፤ ለመንገደኛ ገዢም አትስጡት። ልጃችሁ ፊደል ሲጽፍ ስታዩ፥ እንዲፈጥን ብቻ ሳይሆን እንዲያስተካክልም ንገሩት። በአካባቢያችሁ ቁም ጸሐፊ ካለም ልጁን ይዛችሁ ሂዱና ብርዑ በብራናው ላይ ሲሄድ አሳዩት። የጸሐፊው መንገድ ከዚያ ይጀምራልና።