ለኒውት እንቁላል ቅጠል ወይስ ፌስታል?

ኒውት የእንቁራሪት ዘመድ ናት፤ ካደገች በኋላም ጅራቷ አይለያትም። ላላወቃት እንሽላሊት ትመስላለች፤ ቆዳዋ ግን ቅርፊት የለውም፣ እርጥብ ነው። ከሰሃራ በስተደቡብ ባለው አፍሪካ ስለማትገኝ አገር ቤት ሳለሁ አይቻት አላውቅም። አሁን በምኖርበት ጀርመን ሆደ ቀይ የሆነችውን የጃፓን ኒውት በመስታወት ገንዳ አረባለሁ። ቤቴ የመጣ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ውኃው ውስጥ የተንጠለጠለው የተቆራረጠ ፌስታል ምን እንደሚሠራ ነው።

ነገሩ ያለው በእናቲቱ የኋላ እግሮች ላይ ነው። ብርዱ አልፎ ውኃው ሞቅ ሲል ሴቷ ቅጠል ለቅጠል እየዞረች በአፍንጫዋ ታሸታለች። የወደደችውን በኋላ እግሮቿ ጨብጣ ታጥፈዋለች፤ በእጥፋቱ መሀል አንዲት እንቁላል ትጥላለች። ድፎ ዳቦ በኮባ እንደሚጠቀለል ነው። የእንቁላሉ ሙጫ እጥፋቱን ያጣብቀውና ወደ ሌላ ቅጠል ትሄዳለች። እንዲህ አንድ በአንድ እየጣለች በአንድ ወቅት በመቶ የሚቆጠር እንቁላል ታደርሳለች። እጥፋቱ ፅንሱን ከፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ይከልለዋል፤ ከበላተኛም ይሰውረዋል። ከበላተኞቹ አንዷ ራሷ እናቲቱ መሆኗን ያወቀ አርቢ፣ እንቁላሉን ከገንዳው የሚያወጣበትን መንገድ አስቀድሞ ያስባል።

ስለዚህ መጣያ ስመርጥ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ በእግሯ ይታጠፍላታል? እኔስ ሳልቀደው ላነሳው እችላለሁ? አኑቢያስ የተባለው የገንዳ ተክል መልከ መልካም ነው፤ ቅጠሉ ግን ደንዳና ስለሆነ አይታጠፍም። ኤሎዲያ ለስላሳ ነው፤ ሴቷ ትንንሽ ቅጠሎቹን ሰብስባ ትጠቀምበታለች። ችግሩ እንቁላሉን ፈልጎ ማግኘት ዓይን ማድከሙ ነው።

ፌስታል ሁለቱንም ጥያቄ ይመልሳል። ስስ የሆነውን፣ ሽቶም ፀረ ተባይ መድኃኒትም ያልተቀባውን እመርጣለሁ። አንድ ሴንቲሜትር ያህል ስፋት ባላቸው ረጃጅም ቁራጮች ቆርጬ፣ አጥቤ፣ በአንድ ጫፍ አስሬ ውኃ ውስጥ እሰቅለዋለሁ። በብሪታንያ በሕግ የምትጠበቀው ባለ ጉትያዋ ኒውት በኩሬ ውስጥ መኖሯን የሚያጣሩ ባለሙያዎችም ይህንኑ ዘዴ ይጠቀማሉ።

ፌስታልን ያስመረጠኝ ሌላም ከባድ ምክንያት አለ። ከኩሬ የተነቀለ ተክል እጭ የሚበሉ የውኃ ነፍሳትንና በሽታን ይዞ ሊገባ ይችላል። በኔዘርላንድስ የኒውት ዘመድ የሆኑትን ሳላማንደሮች የፈጀው የቆዳ ፈንገስ እ.ኤ.አ. በ2013 ተለይቶ ከታወቀ ወዲህ ጠንቃቃ አርቢ ከሜዳ የመጣ ተክልና ውኃ ገንዳው ውስጥ አያስገባም። ቢሆንም ተክልን ጨርሼ አላስወጣም። ከተፈለፈሉ በኋላ ትንንሾቹ እጮች መደበቂያ ያስፈልጋቸዋል፤ የሚመገቧቸው ደቃቅ ፍጥረታትም በተክል መሀል ይበረክታሉ። ለዚህ የሚሆነውን ከሌላ አርቢ ገንዳ አመጣለሁ።

እንቁላል የያዘውን ቁራጭ ከነእጥፋቱ አንስቶ ያው የገንዳው ውኃ ወዳለበት ዝርግ ዕቃ ማዛወር ነው፤ እጥፋቱን መክፈት አያስፈልግም። ነጭ ሻጋታ ያበቀለው የሞተ ነውና ይወገድ። ውኃው 20 ዲግሪ ገደማ ከሆነ በሦስት ሳምንት አካባቢ መፈልፈል ይጀምራል። ባለ ጉትያዋና ዘመዶቿ ላይ ግን ግማሽ ያህሉ ፅንስ ሁልጊዜም ይሞታል፤ ምክንያቱ በክሮሞዞማቸው ያለ የዘር ጉድለት ስለሆነ አርቢው መጣያውን ጥፋተኛ ማድረግ የለበትም።

ይህ ሁሉ ለሚያጥፉት ነው። የሰርዲኒያ ደሴት የተራራ ኒውት እንቁላሏን በወንዝ ድንጋይ ሥር ትሸጉጣለች፤ ለእሷ ክፍተት ትቶ ጠፍጣፋ ድንጋይ መደራረብ ይሻላል። የስፔኗ ባለ ጎድን ኒውት ደግሞ ያገኘችው ነገር ላይ በእጅብ ትጥላለች፤ አትመርጥም።

ይህን ያህል ጥንቃቄ ለአንዲት ሚጢጢ እንቁላል ይገባታል ብዬ አምናለሁ። ሃንስ ሽፔማንና ሂልዳ ማንጎልድ እ.ኤ.አ. በ1924 ባሳተሙት ሥራ ከአንድ የኒውት ፅንስ ቁራጭ ወስደው በሌላው ላይ ሲተክሉ ሁለተኛ ገላ መብቀል መጀመሩን አሳዩ፤ ሽፔማንም በ1935 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። አካል እንዴት እንደሚቀረፅ ያስተማሩን እነዚህ ፅንሶች ናቸው።

አውሮፓ ያላችሁና ልጆቻችሁ ኒውት እናርባ ያሏችሁ አንባብያን፣ አደራ ከኩሬ አትያዙ፤ በጀርመን የአገሩ ኒውቶች ሁሉ በሕግ የተጠበቁ ናቸው። በገንዳ ከተወለዱት ከአርቢ ውሰዱ፤ የበዛባችሁንም ለሌላ አርቢ ስጡ እንጂ ሜዳ አትልቀቁ።