ውሃ ላይ ቤት ይሠራል ወይ?

መቼም የገዳሪፍን ጥቁር አፈር በክረምት የረገጠ ያውቀዋል። ዝናብ በጣለ ማግስት ጫማ ይዞ ያስቀራል፣ መኪና ይዞ ያስቀራል፣ አንዳንዴም ራሽናችንን ከነመኪናው መንገድ ላይ ይዞ ያስቀራል። ሰሞኑን ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አደረና ጠዋት ክፍል ስገባ፣ ልጆቹ እግራቸውን ወንበር ላይ ሰቅለው ተቀምጠው አገኘኋቸው። መሬቱ ውሃ ይዟል። ሰሌዳው ርሷል፣ ጠመኔው አይጽፍም። ማስተማር ስላልተቻለ ከሣጥን ውስጥ አንድ ሥዕል የበዛበት አሮጌ የጂኦግራፊ መጽሐፍ አወጣሁና ከእጅ ወደ እጅ እንዲያዞሩት ሰጠኋቸው።

አንድ ገጽ ላይ ሲደርሱ ሁሉም ተሰበሰቡ። ፎቶግራፉ ላይ የሚታየው ሐይቅ ነው። ሐይቁ መሐል በረጃጅም እንጨቶች ላይ የቆሙ ቤቶች አሉ፤ በቤቶቹ መካከል ሰው በጀልባ ይመላለሳል። አንዷ የአራተኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣችና፣

«ቲቸር፣ እነዚህም ስደተኞች ናቸው እንዴ?» አለችኝ።

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እውነቱን ለመናገር እኔም ሳቅሁ። ማታ ግን መጽሐፉን ይዤ ቤቴ ገብቼ ሥዕሉን ደግሜ ሳየው፣ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍም ሳነብ አፈርኩ። ልጅቷ ልክ ነበረች።

መንደሩ ጋንቪዬ ይባላል። የሚገኘው በምዕራብ አፍሪካ፣ በቤኒን አገር፣ ኖኩዌ በሚባል ሐይቅ ላይ ነው። በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን የዳሆሚ መንግሥት ወታደሮች ሰው እያሳደዱ ይይዙና ባሕር ዳርቻ ድረስ ነድተው ለአውሮፓ ነጋዴዎች ይሸጡ ነበር። ቶፊኑ የሚባሉት ሕዝቦች ከዚህ ሲሸሹ የብስ ጠበባቸውና ሐይቁ ውስጥ ገቡ። የዳሆሚ ወታደሮች ሃይማኖት ውሃ ላይ መዋጋትን ይከለክል ነበር ይባላል። እንግዲህ አሳዳጅ በማይደርስበት ቦታ እንጨት ተክለው፣ በእንጨቱ ላይ ወለል ረብርበው ቤት ሠሩ። የመንደሩ ስም በቋንቋቸው «ዳንን» እንደማለት ነው ይላሉ። ዛሬ ከ20,000 የሚበልጥ ሰው ይኖርበታል። ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚሄዱት በጀልባ ነው፤ ሴቶቹ የሚገበያዩትም ጀልባ ላይ ሆነው ነው።

ዓሣ የሚይዙበት ዘዴ ደግሞ ደስ ይላል። ቅርንጫፍ ቆርጠው ከሐይቁ ወለል ላይ ልክ እንደ አጥር ይተክሉታል፤ አካጃ ይሉታል። እንጨቱ ውሃ ውስጥ ሲበሰብስ ዓሣው የሚበላውም የሚደበቅበትም ያገኝና እዚያው ይራባል። ጊዜው ሲደርስ ዙሪያውን በመረብ ይከቡና እንጨቱን ነቅለው ዓሣውን ይሰበስባሉ። ከማጥመድ ይልቅ ወደ እርሻ የሚጠጋ ሥራ ነው። ይህን ስላችሁ ኑሮው ገነት ነው ማለቴ አይደለም። በውሃ ተከበው የሚጠጣ ውሃ በጀልባ ይቀዳሉ። ሽንት ቤቱስ የት ነው ብሎ የጠየቀኝም ልጅ ነበር፤ መልሱን ገምቱት።

በአገራችንስ? እንዲህ በእንጨት ላይ የቆመ የዓሣ አጥማጅ መንደር እኔ አላየሁም። ለዚህ የሚቀርበውን ግን አይቻለሁ፤ የዛሬው ጽሑፌም በዋናነት ስለ እሱ ነው።

ዘመኑ 1995 ዓ.ም፣ ወሩ ግንቦት ነው። የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ተማሪ ነበርኩ። የኅብረተሰብ ትምህርት መምህራችን ለጉብኝት ወደ ጣና ወሰዱንና ባሕር ዳር አካባቢ ካለ የነገደ ወይጦ መንደር ደረስን። ጣና ስፋቱ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብዙ ሰው ጥልቀቱም እንደ ስፋቱ ይመስለዋል፤ ነገር ግን በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ስለዚህ ውሃው ትንሽ ሲቀንስ ዳሩ ብዙ ይሸሻል፣ ትንሽ ሲጨምርም ብዙ ይገባል። በዚያ ዓመት ሐይቁ ክፉኛ ጎድሎ ነበር። ዝናቡም አንሶ ነበር፤ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ጨረጨራ ላይ በተሠራው መቆጣጠሪያ በኩል ለኤሌክትሪክ የሚለቀቀው ውሃም በዝቶ ነበር። መርከቦች እንኳ መንቀሳቀስ አቅቷቸው ነበር።

ቤቶቹ ከደንገል የተሠሩ ናቸው። ደንገል ከውሃው ዳር የሚበቅለው ረጅሙ ተክል ነው፤ የጥንት ግብፆች ወረቀት የሠሩበት እሱ ነው። ግድግዳው ደንገል፣ ጣራው ደንገል፣ ምንጣፉም ደንገል። አንድ ሽማግሌ ከደጃፋቸው ተቀምጠው ታንኳ ያስሩ ነበር። ታንኳውም ደንገል ነው። ከቤታቸው ግድግዳ ላይ ከጉልበቴ ከፍ ብሎ የውሃ ምልክት ይታያል።

«ይሄ ምንድን ነው አባባ?» አልኳቸው።

«እሱማ የመስከረም ነው። በደህና ዓመት ውሃው እስከዚህ ይመጣል። ሲመጣ ደንገል እየደራረብን ከፍ እንላለን። ሲብስ ወደ ላይ እንሄዳለን፤ ሲሄድ እንመለሳለን።»

«ዘንድሮስ?»

በእጃቸው ወደ ሐይቁ አሳዩኝ። ውሃው ርቋል። ደንገል የነበረበት መሬት ደርቆ ገሚሱ ታርሷል። «ዘንድሮ ውሃው ራሱ ተሰደደ» አሉኝ። ያን ጊዜ እንደ ቀልድ ነበር የሰማኋቸው።

የታንኳውን አሠራር ልንገራችሁ። ደንገሉ ታጭዶ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። ከዚያ በረጃጅም እስር ይታሰርና እስሮቹ ጎን ለጎን ተጣምረው ጫፋቸው ወደ ላይ ይቀለበሳል። ገመዱም ከዚያው ከደንገሉ ልጥ የሚፈተል ነው። ሚስማር የለው፣ ሙጫ የለው። ውሃ ሲጠጣ እየከበደ ስለሚሄድ ከሐይቁ ወጥቶ እየደረቀ ነው የሚሠራበት፤ ዕድሜውም በወራት የሚቆጠር ነው። ሽማግሌው እስሩን በጉልበታቸው ተጭነው ሲያጠብቁ እጃቸውን እንጂ ዓይናቸውን አይጠቀሙም ነበር። በኋላ እንዳነበብኩት፣ ቶር ሄየርዳል የተባለ የኖርዌይ ሰው የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ ሊሻገሩ ይችሉ እንደሆነ ለመሞከር እ.ኤ.አ. በ1969 «ራ» የተባለውን ጀልባ ያሠራው ከጣና በተቆረጠ ደንገል ነው። ከሞሮኮ ተነሥቶ ብዙ ከተጓዘ በኋላ ጀልባው ተበታተነበት። በሚቀጥለው ዓመት ከደቡብ አሜሪካ፣ ከቲቲካካ ሐይቅ፣ ባለሙያ አስመጥቶ ሁለተኛውን አሠራና ባርባዶስ ደሴት ገባ። እንግዲህ የእኛ ሰዎች በየወሩ የሚያስሩት ነገር የዓለም ወሬ የሆነበት ጊዜ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደማልወደው ክፍል ልምጣ። ነገደ ወይጦዎች ሙስሊሞች ናቸው። የጥንት ቋንቋቸው ጠፍቶ አማርኛ ነው የሚናገሩት። ዱሮ ጉማሬ ያድኑና ይበሉ ስለነበር፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከገበታው አርቋቸው ኖሯል። ዓሣቸውን ይገዛል፣ ሴቶቹ የሚሰፉትን አገልግል ይገዛል፣ የወፍጮ ድንጋያቸውን ይገዛል፤ አብሯቸው ግን አይበላም። እኔም ያደግሁት ይህን እየሰማሁ ነው። ከገጠር እስከ ኮሌጅ ድረስ ይዤው መጥቻለሁ።

የሽማግሌው ባለቤት ትኩስ የተጠበሰ ቀረሶ በጨውና በሚጥሚጣ አቀረቡልን። ዓሣ ነው፤ አይታረድ፣ አይባረክ፣ የሃይማኖት ሰበብ እንኳ የለኝም። ከአሥራ አምስታችን ሁለት ልጆች ብቻ ቀመሱ። እኔ «ሆዴን አሞኛል እማማ» አልኳቸው። ሽማግሌው ከሥራቸው ቀና ሳይሉ፣

«ምን ይገርማል ልጄ፣ ከተሜ እኛ ጋ ሲመጣ ሁሉንም ሆዱን ያመዋል» አሉ።

ስንመለስ ስለ ታንኳው ሁለት ገጽ ሪፖርት ጻፍኩ፤ ጥሩ ማርክም አገኘሁበት። ስለ ዓሣው አልጻፍኩም።

ድንበር የተሻገርን ዕለት ግን ትዝ አለኝ። ሦስት ቀን በእግር ሄደን፣ ልብሳችን አቧራ፣ እግራችን ቁስል ሆኖ አንድ መንደር ስንደርስ አንዲት ሱዳናዊት እናት አሲዳ በሙላህ በትሪ ይዘው ወጡ። «ተፈደሉ» አሉን። ከዚያ ዞር አላሉም፤ ቁጭ ብለው ከዚያው ትሪ አብረውን በሉ። ማን እንደሆንን፣ ምን እንደምንበላ፣ ምን እንደምናመልክ አልጠየቁንም። የምግቡን ጣዕም አላስታውስም፣ እጃቸው ከእጄ አጠገብ ትሪው ላይ እንደነበረ ግን አልረሳም።

የልጅቷን ጥያቄ በማግስቱ ክፍል ውስጥ መለስኩላት። «አዎ፣ ስደተኞች ነበሩ» አልኳት። ከዚያም የቅርቡን ነገርኳቸው። የእኛው ተከዜ ድንበር ሲሻገር ሰቲት ይባላል፤ ሰቲትም ከአትባራ ወንዝ ይቀላቀላል። ከእኛ ወደ ሰሜን በኸሽም አልጊርባ በዚህ ወንዝ ላይ ግድብ ተሠርቷል። ከግድቡ በመስኖ በሚለማው መሬት ላይ እ.ኤ.አ. በ1964 ወደ 50,000 የሚጠጉ ኑቢያውያን እንዲሰፍሩ ተደረገ። እነሱ የዓባይ ዳር ሰዎች ነበሩ፣ በቴምርና በወንዝ የኖሩ። ግብፅ የአስዋንን ግድብ ስትሠራ የኋላው ውሃ ዋዲ ሐልፋን ስለዋጠው ነው ወደዚህ የመጡት። አዲሱን ቦታ ሐልፋ አልጀዲዳ፣ አዲሲቱ ሐልፋ አሉት። የድሮ ቤታቸው ውሃ ላይም ውሃ ዳርም አይደለም፤ ከውሃ በታች ነው። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ዝም አሉ። አንዱ ብቻ «በሩን ቆልፈውት ነው የወጡት?» አለ። ምን እንደምመልስለት አላወቅሁም። የእናቱ ቤት ቁልፍ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ሁላችንም እናውቃለን።

በነገራችን ላይ ገዳሪፍ ገበያ የሚመጣው ዓሣ አብዛኛው ከዚሁ ከጊርባና እ.ኤ.አ. በ2017 ከተመረቀው ከላይኛው አትባራና ሰቲት ግድብ ነው። ባለፈው ወር አንድ አምባዛ ገዝቼ ጠበስኩ። ጎረቤቶቼን ጠራሁ፤ ከሌላ አካባቢ የመጡ ናቸው፣ ዓሣ አልለመዱም። አንዱ «ሆዴን አሞኛል መምህር» አለኝ። ሳቅሁ፤ ለምን እንደሳቅሁ አልነገርኩትም።

ልጆቹ ከዚያ ቀን ወዲህ ካምፓችንን በረጃጅም እንጨት ላይ እየሣሉ ነው። ክሊኒኩን ሰቅለውታል፣ የራሽን መጋዘኑን ሰቅለውታል፣ ውሃ የምንቀዳበትን ቦንብ ሳይቀር ሰቅለውታል። ሥዕሎቹ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ስለተለጠፉ መጥታችሁ እዩላቸው። አሁን ደግሞ ታንኳ ካልሠራን ብለው ይዘውኛል። ደንገል የለንም፤ የማሽላ አገዳ ግን በየአጥሩ ሞልቷል፣ ከአምና ራኩባ የተረፈም አለ። ችግሩ እኔ ነኝ። ሁለት ገጽ ጻፍኩበት እንጂ እስሩን አላውቀውም። ከእናንተ መካከል በጣናም ሆነ በሌላ ሐይቅ ዳር ያደገ፣ ታንኳ ሲታሰር ያየ ወይም ያሰረ ሰው ካለ፣ ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት ትምህርት ቤት ብቅ ይበልልን። ልጆቹን ወደ ሐፊሩ አንወስዳቸውም፤ በዚህ ክረምት እዚያ አጠገብ ልጅ እንዳይደርስ ወላጆችም አደራ። የምናንሳፍፈው ሳፋ ላይ ነው። ሳፋ የምታውሱን እናቶች ካላችሁ፣ እባካችሁ ትልቁን።