ለሕፃኑ የታዘዙት ሁለት ጠብታዎች

በአገር ቤት እናት ሕፃኗን ጠዋት ጠዋት ቅባት ቀብታ ደጅ ላይ ታሞቀው ነበር። እዚህ ግን ብዙዎቻችን የምንኖረው ፎቅ ላይ ሲሆን፣ የበጋው ፀሐይ ደግሞ ለሕፃን ገላ ይከብዳል። ስለዚህ የጢፓት ሐላቭ ነርስ ሕፃኑን መዝና የቫይታሚን ዲ ጠብታ ስጡት ስትላችሁ «ልጄ ምን ሆነና ነው?» ብላችሁ አትደንግጡ። ለሕፃናት ሁሉ የሚታዘዝ ነው።

ይህ ቫይታሚን አጥንትን ያጠነክራል፤ ሲጎድል የልጁ እግር ሊቆለመም ይችላል። በእናት ጡት ወተት ውስጥ ያለው ጥቂት ነው፤ እንደኛ ጠቆር ያለ ቆዳም ከፀሐይ ለማግኘት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። መጠኑ ከልደት እስከ 1 ዓመት በቀን 400 ዩኒት ነው። ስንት ጠብታ እንደሚሆን ግን እንደ ጠርሙሱ ይለያያልና ስትገዙ ጠይቁ።

ሁለተኛው ብረት ነው፤ በዕብራይስጥ ባርዜል ይባላል። ከ4 ወር እስከ 1 ዓመት ተኩል ይሰጣል። ሕፃኑ ከእናቱ ማሕፀን ይዞት የመጣው ብረት በእነዚህ ወራት እያለቀ ይሄዳል። የደም ማነስ እንደ ትኩሳት ወዲያው አይታወቅም፤ ልጁ እየሳቀና እየተጫወተ እድገቱና የመማር ችሎታው ሊጎዳ ይችላል። 1 ዓመት ሲሞላው ገደማ ደሙ የሚመረመረውም ለዚሁ ነው።

ስለ ሻይ ደግሞ አንድ ነገር እንበል። በቤታችን ሻይ ሲቀዳ ለሕፃኑም እንዳይቀርበት ይቀመስለታል። ነገር ግን ሻይ ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል፤ ስኳሩም ጥርስ ያበላሻል። አያቶች ቅር ቢላቸውም ለሕፃን ሻይ አይሰጥ።

ብረቱን ከወተት ጋር አትቀላቅሉት፤ በምግብ መካከል ስጡት። ሰገራው ቢጠቁር አያስፈራም። የሚያስፈራው ትልቅየው ልጅ ጠርሙሱን አግኝቶ እንደ ጣፋጭ የጠጣው እንደሆነ ነው፤ ብዙ ብረት ሕይወት ያጠፋል። ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ከጠጣ ግን ሳትዘገዩ ወደ 101 ደውሉ።

ጢፓት ሐላቭ ማለት «የወተት ጠብታ» ነው። በ1920ዎቹ በኢየሩሳሌም የሐዳሳ ነርሶች ለሕፃናት ያዘጋጁት ንጹሕ ወተት በአህያ ተጭኖ ይታደል ነበር። ዛሬ ምዘናውና ክትባቱ ክፍያ የለውም፤ ጠብታዎቹ ግን ከቤተ መድኃኒት ይገዛሉ። ጠርሙሶቹ ስለሚመሳሰሉ ይዛችኋቸው ሂዱና ነርሷ ፊት በየአንዳንዱ ላይ በአማርኛ ስሙንና የጠብታውን ቁጥር ጻፉበት።