ስሙ አንድ፣ ውሉ ሁለት፦ የሲ ላይብረሪዎች ልዩነትና የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር መሻገር



የዛሬውን ንግግሬን ከታይዋን ገበያ በተገዛ አንድ ያገለገለ ራውተር እጀምራለሁ። አንድ ተማሪዬ የመጻሕፍት ማውጫ የሚይዝ አነስተኛ ፕሮግራም በሲ ቋንቋ ጽፎ ነበር። በላፕቶፑ ኡቡንቱ ላይ ያለ እንከን ይሠራል። መብራት ሲጠፋ በትንሽ ባትሪ የሚያድር ማሽን ስለፈለግን፣ ራውተሩ ላይ ኦፕን ደብሊው አር ቲ የተባለውን ሥርዓት ጫንንና ፕሮግራሙን ለእርሱ እንደገና ኮምፓይል አደረግን። ኮምፓይለሩ አንድ ማስጠንቀቂያ ሰጠ፤ ማናችንም አላነበብነውም፤ እኔም ጭምር።

ለሁለት ቀናት ሠራ፤ ከዚያም አዲስ መዝገብ አልቀበልም አለ። የስሕተት መልእክቱ «ፋይሉ አልተጻፈም፦» ይልና፣ ምክንያቱ ሊነበብ በሚገባው ቦታ ላይ በቅንፍ «ነል» የሚል ቃል ብቻ ያሳያል። ምክንያቱን ሊነግረን የነበረው ክፍል ራሱ ዲዳ ሆኖ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኡቡንቱ የሚጠቀመው የሲ ላይብረሪ ግሊብሲ ይባላል። ኦፕን ደብሊው አር ቲ ግን እ.ኤ.አ. በ2015 የልማት ቅርንጫፉን መስል ወደተባለው አነስተኛ ላይብረሪ አዙሯል፤ በዚያው ገበያ የሚሸጡት አንድሮይድ ስልኮች ደግሞ ባዮኒክ የተባለ ሦስተኛ ላይብረሪ አላቸው። የስሕተትን ቁጥር ወደ ቃል የሚለውጠው «ስትርኤረር አር» የተባለው ፈንክሽን በግሊብሲም በመስልም አለ፤ ውሉ ግን ይለያያል። የፖዚክስ ደረጃ እንደሚያዘው ከሆነ መልእክቱን ጠሪው ባዘጋጀው ማስቀመጫ ላይ ይጽፍና፣ ሲሳካለት ዜሮ ቁጥር ይመልሳል። የግኑ ቅጂ ግን የመልእክቱን አድራሻ ይመልሳል፤ የተሰጠውን ማስቀመጫ ጨርሶ ላይነካውም ይችላል። ተማሪዬ ሳያውቅ የግኑን ውል መርጧል። መስል ደረጃውን ስለሚከተል ዜሮ መለሰ፤ ፕሮግራሙም ዜሮውን እንደ አድራሻ ቆጥሮ ሊያትመው ሞከረ።

ፈንክሽኑ ጨርሶ ባይኖር ኖሮ ችግሩ ቀላል ነበር፤ ሥራው ገና ኮምፓይል ሲደረግ ይቆም ነበርና። «ስትርኤልሲፒዋይ»ን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1998 ከኦፕንቢኤስዲ ወጣ፤ ግሊብሲ የተቀበለው ግን በ2023 ነው። በእነዚያ 25 ዓመታት ብዙ ፕሮጀክቶች የየራሳቸውን ቅጂ ይዘው ዞሩ። አሰልቺ ነው፤ የሚያታልል ግን አይደለም። «ኪውሶርት አር» ይከፋል፤ ፍሪቢኤስዲና ግሊብሲ በአንድ ስም ሲያቀርቡት የግቤቶቹን ቅደም ተከተል ለያይተውታል። በአንዱ ውል የተጻፈ በሌላው ላይ ሲሄድ ዳታን እንደ ፈንክሽን ይጠራና ይወድቃል። ፍሪቢኤስዲ ወደ ሌላው አቀማመጥ የመጣው በ14ኛው እትሙ ነው።

ስለዚህ ለመሻገር የሚጽፍ ሰው «ይህ ስም አለን?» ብሎ ብቻ መጠየቁ አይበቃውም፤ «ምን ይመልሳል?» ማለትም አለበት። ኦቶኮንፍ ለ«ስትርኤረር አር» ይህንኑ የሚፈትሽ የተዘጋጀ መሣሪያ አለው። የመስል አዘጋጆች ደግሞ «እኔ መስል ነኝ» የሚል መለያ በላይብረሪው ውስጥ ለማስቀመጥ ሆን ብለው እምቢ ብለዋል፤ ፕሮግራመሩ የላይብረሪውን ስም ሳይሆን ባሕርዩን ይፈትሽ ነው የሚሉት። በመጀመሪያ ግትርነት መስሎኝ ነበር። አሁን እውነት አላቸው እላለሁ።

እኛ ያደረግነው ግን ከዚህም ያነሰ ነው። ተማሪው ፈንክሽኑን በራሱ አጭር ፈንክሽን ውስጥ ሸፈነው፤ የፖዚክስን ውል በግልጽ ጠየቀ፤ መልእክቱንም ከተመለሰው ዋጋ ሳይሆን ከማስቀመጫው አነበበ። ከዚያም በላፕቶፑ ላይ አልፓይን ሊኑክስን ጫነ፤ አልፓይን መስልን ስለሚጠቀም ራውተሩ ሳያስፈልግ ልዩነቱን ያሳያል። ከዚህ ሴሚስተር ጀምሮ የኮርሴ የቤት ሥራዎች በሁለቱም ላይ ያለ ማስጠንቀቂያ ኮምፓይል መደረግ ይኖርባቸዋል፤ ቅሬታችሁን ከወዲሁ ሰምቻለሁ።

የተስተካከለውን ፕሮግራም ራውተሩ ላይ መልሰን ስናስነሣው ምክንያቱን በአንድ መስመር ነገረን፦ በመሣሪያው ላይ ቦታ አልቀረም።