ተጨማሪ መረጃ፦ የዋና ገንዳ በብርድ ወራት ለምን ይዘጋል?

ቁሶች ሲሞቁ እንደሚሰፉ፣ ሲቀዘቅዙ ደግሞ እንደሚኮማተሩ በዚህ ምዕራፍ ተምራችኋል። ውሃ ግን ከዚህ ለየት ይላል። እስከ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ከዚያ በታች መልሶ መስፋት ይጀምራል። በ0 ዲግሪ ወደ በረዶ ሲለወጥ ይዘቱ፣ ማለትም የሚይዘው ቦታ፣ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ይህ ባሕርይ ያልተለመደ የውሃ መስፋፋት ይባላል።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት የአሜሪካዋ ሚኒሶታ ግዛት በጥር ወር የአየሩ ሙቀት ከዜሮ በታች ይወርዳል። ስለዚህ በግቢያቸው የዋና ገንዳ ያላቸው ሰዎች ብርዱ ሳይጠነክር የውሃውን ከፍታ ከቧንቧ አፎች በታች ዝቅ ያደርጋሉ። በቧንቧው ውስጥ የቀረውን ውሃ በአየር ግፊት አስወጥተው አፉን ይወትፋሉ፤ ገንዳውንም ይሸፍናሉ። ይህ ካልተደረገ በረዶው ቧንቧውን ሊሰነጥቅ፣ ፓምፑንም ሊሰብር ይችላል።

በአንጻሩ በኢትዮጵያ ውስጥ በምትገኘው ቆላማዋ ሚኤሶ ለተጠራቀመ ውሃ የሚያሰጋው በረዶ ሳይሆን ትነት ነው። ክዳን ግን በሁለቱም ቦታ ይጠቅማል፤ በሚኒሶታ ቅጠልና ቆሻሻ ይከላከላል፣ በሚኤሶ ደግሞ ፀሐይና ነፋስ የሚወስዱትን ውሃ ይቀንሳል።

ሞክሩ፦ በፕላስቲክ ጠርሙስ እስከ ግማሹ ውሃ ሙሉና ከፍታውን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉበት። ክዳኑን ሳትዘጉ በፍሪጅ የበረዶ ክፍል ውስጥ አቁማችሁ አሳድሩት። የመስታወት ጠርሙስ ሊሰበር ስለሚችል አትጠቀሙ። በማግስቱ የበረዶውን ከፍታ ከምልክቱ ጋር አነጻጽሩና ልዩነቱን በደብተራችሁ መዝግቡ።