በገነተ ልዑል አዳራሽ ያለ የገበሬ ጓዳ

በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ፣ በዩኒቨርሲቲው ቅጥር ግቢ የቆመው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተጣለበት፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም በአረንጓዴው ሳሎን ብዙ መኳንንትና ሚኒስትሮች የተረሸኑበት፣ ከዚያም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለትምህርት በስጦታ የሰጡት ቤት ሲሆን፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መዘክር ሆኖ የአራሹንና የሸማኔውን፣ የአርብቶ አደሩንና የሸክላ ሠሪዋን ንብረት በክብር ይዞ ይገኛል።

ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1963 ሲመሠረት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ፤ የቤተ መዘክሩንም ስብስብ በትጋት ያደራጁት ፖላንዳዊው ስታኒስላው ሆይናትስኪ ናቸው። እኔ ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው ግን አሰናዳዱን ነው፤ ዕቃው በየነገዱና በየክፍለ ሀገሩ ከመከፋፈል ይልቅ በሰው ዕድሜ ሥርዓት፣ ከሕፃንነት እስከ ጉልምስና፣ ከዚያም እስከ ሞትና ከሞት በኋላ ስለ ተደረደረ፣ የኮንሶው የመቃብር ሐውልትና የደገኛው የእርሻ ዕቃ የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ይመስላሉ። ከላይኛው ፎቅ ሥዕለ አድኅኖና የዜማ መሣሪያዎች አሉ፤ የንጉሠ ነገሥቱም መኝታ ቤት በዚሁ ሕንፃ ውስጥ ይታያል።

የተራውን ሰው የቤት ዕቃ በክብር የማቆየት አሳብ የእኛ ብቻ አይደለም። በቶክዮ፣ በኡዌኖ ኩሬ ዳር፣ እ.ኤ.አ. በ1980 የተከፈተ የሺታማቺ ቤተ መዘክር አለ፤ የ1923ቱ የመሬት መንቀጥቀጥና የ1945ቱ የአየር ድብደባ ያጠፉትን የሠራተኛና የነጋዴ ሰፈር፣ ጠባቡን የኪራይ ቤትና የከረሜላ ሱቁን ጭምር መልሶ በመሥራት ለትውልድ ያቆየ ነው።

በወሎ፣ በእኛ በኩታበር ደጋ ግን የቤት ዕቃ የሚጠፋው በእሳትና በነውጥ ሳይሆን በዝምታ ነው። ወፍጮን ተመልከቱ፦ በጭቃ መደብ ላይ በመጠኑ አዘቅዝቆ የተተከለው ድንጋይ፣ እናት በሁለት እጇ መጁን እየገፋች ገብሱን ስትፈጭበት ከዓመት ዓመት መካከሉ እየተሰረጎደ ይሄዳል፤ ልስላሴ ሲያሸንፈውም ጥርስ እንዲያወጣ ይወቀራል። የሞተር ወፍጮ ከመጣ ወዲህ የእናቶች ጉልበት ዐርፏል፤ ይህም እሰየው የሚያሰኝ ነው፤ ነገር ግን ያ ድንጋይ የአጥር ካብ ሲሆን፣ ከበግ ጠጉር የሚሠራው ባናም በፋብሪካ ብርድ ልብስ ሲተካ፣ የሚጽፍላቸው ሰው አልተገኘም።

ለእኛ የሚቀርበው በደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ ቤት የተቋቋመው የደሴ ሙዚየም ነበር፤ እርሱም በ2014 ዓ.ም በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ተዘረፈ። ከዚያ የጠፋውን ጥንታዊ መጽሐፍና የጦር ዕቃ በሌላ መተካት አይቻልም፤ ወፍጮና መጅ፣ ባናና እንዝርት ግን ዛሬም ከየጓዳው ሊሰበሰቡ ይችላሉ። ሲሰበሰቡም ድንጋዩን ማን እንደ ወቀረው፣ የበጉን ጠጉር ማን እንደ ፈተለው ከባለቤቶቹ አንደበት ተጠይቆ፣ ከዕቃው ጋር በጽሑፍ ይቀመጥ።